ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች

ፊልም ተቺዎችን ታምናላችሁ? እኔ ድሮ አምን ነበር። «እዩት» ካሉኝ አያለሁ፣ «ተዉት» ካሉኝ እተዋለሁ። አሁን ግን አንድ ፊልም ከመክፈቴ በፊት ያየው ሰው ፈልጌ ታሪኩን እንዲነግረኝ እለምናለሁ። ቀለሙን አይደለም፤ ታሪኩን። ምን እንዳገኘኝ ላውጋችሁ።

ደብረ ብርሃን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በትርፍ ሰዓቴ ስለ ፊልም ፌስቡክ ላይ እጽፋለሁ። አንባቢዎቼ ተማሪዎቼ ናቸው፤ እነሱም ላይክ የሚያደርጉልኝ ፈተና ሲደርስ ነው። ቢሆንም «ተቺ» ስባል ደስ ይለኛል። ምን ይደረግ፣ ሰው ነኝ።

ታዲያ ጸዳለ የምትባል ነርስ ወደድኩ። የአንኮበር ልጅ ናት፤ ሥራዋ ደብረ ብርሃን ነው። እሷም ወደደችኝ። የጸዳለ ችግሯ አንድ ብቻ ነው፤ መዋሸት አትችልም። ሌላ ነርስ «መርፌው አያምም» ይላል አይደል? እሷ «ያማል፣ ቻለው» ትላለች። እኔንም በተዋወቅን ሰሞን «ጽሑፍህ ይረዝማል» ብላኛለች። ይኸው፣ አልተሻሻልኩም።

ከባዱ አባቷ ናቸው። ጋሽ ደምሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት የሰው ክርክር ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዳኛ ሳይሆኑ የዳኛ ፊት አላቸው። «ዛሬ ይበርዳል» ብትሏቸው ምስክር የሚጠሩባችሁ ይመስላል።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክሁ። መሪያቸው የአባቴ የድሮ ወዳጅ፣ ከአንኮበር ሥር ቆላው ላይ ያለችው የአሊዩ አምባ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ሐጂ ለጋሽ ደምሰውም የቆየ ወዳጅ ናቸው፤ ከቆላው በርበሬ ሲያመጡ የሚያርፉት እሳቸው ቤት ነው። ከሳቸው የተሻለ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ብዬ ተኮፈስኩ።

ሄዱ። ጋሽ ደምሰው «ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። «መምህር ነው» አሉ ሐጂ። «ሌላስ?» ሐጂ ደግሞ ክብደት ይጨምርልኛል ብለው «ፊልም ይተቻል» አሏቸው።



«ይተቻል ማለት ሰው የለፋበትን ያንቋሽሻል ማለት ነው?» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«የለም፣ ጥሩውን ጥሩ ይላል።»

«ጥሩ ለማለት ደግሞ ምን ሙያ ያስፈልጋል?»

ሐጂ ወደ ቡናቸው ዞሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ወደ ቡናዬ እዞር ነበር። «እንግዲህ እናስብበታለን» ተባለ። ሐጂ በቀጠሮው ዳገቱን ወጥተው ሲሄዱ «ዘመድ አልተሰበሰበም» ተባሉ። እንደገና ሲሄዱ ጋሽ ደምሰው «ልጁ ራሱ ይምጣና አንድ ፊልም ፊቴ ይተችልኝ። እርስዎም ይምጡ። አይቼ እወስናለሁ» አሏቸው።

ይታያችሁ! ሰው ሚስት ሲጠይቅ ዘሩ ይጠየቃል፣ ጠባዩ ይጠየቃል። በፊልም ትችት የተፈተነ ግን ከኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ የትኛውን ልውሰድ? ተኩስ ያለበት ብወስድ «ወንበዴ ይወዳል» ሊሉኝ ነው። አስቂኝ ብወስድ «ቀልደኛ ነው» ሊሉኝ ነው። በዚያ ሰሞን ከባሕር ማዶ የመጣ የፍቅር ፊልም ተቺዎቹን ሁሉ አሳብዷቸው ነበር። አንዱ «እያንዳንዱ ምስል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ዓይን ያጠግባል» አለ። አንድ ነጭናጫ ደግሞ «ቆንጆ ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው» አለ። ይሄኛው ነው የማረከኝ። ባዶ ነገር ማንን ያስቀይማል? ብዬ ሳላየው በፍላሽ ገልብጬ ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንኮበር ደረስኩ። ጉሙ የራሴን እግር አያሳየኝም። ጋሽ ደምሰው ሳሎን ውስጥ አዲስ አበባ ያለው ወንድ ልጃቸው የላከው ትልቅ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ደምሰው ጋቢያቸውን ተከናንበው መሐል ተቀምጠዋል። ሐጂ ጎናቸው ናቸው። የጸዳለ እናት እትዬ አስካለ ማንደጃው ዳር ሆነው እጃቸውን ያሞቃሉ። ጸዳለ ገና መልስ ስላልተሰጠ ከኔ ርቃ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ፍላሹን ሰካሁ። ይህቺን ልጅ ካጣሁ ምን እሆናለሁ? ሌላ አላሰብኩም።

ፊልሙ ጀመረ። ተቺዎቹ አልዋሹም፤ ባሕሩ፣ ቢጫው የአበባ ማሳ፣ ሁሉም ያምራል። አንዲት ቀጭን ልጅ ስስ ቀሚስ ለብሳ ገደል አፋፍ ላይ ጉም ውስጥ ቆማለች። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ትችቴን ጀመርኩ። «እንግዲህ ጋሼ፣ ጉሙን እንዴት አድርገው እንደቀረጹት ይመልከቱልኝ።»

«ጸዳለ፣ መስኮቱን ክፈቺው» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ከፈተችው። ያው ጉም እየተንከባለለ ሳሎን ገባ።

«ይኸውልህ መምህር» አሉኝ። «ይሄ ደግሞ በነጻ ነው።»

እትዬ አስካለ ጉሙንም ባሕሩንም አላዩትም። «ኧረ ይቺ ልጅ እናት የላትም? በዚህ ብርድ በውስጥ ልብስ!» አሉ። ቀሚስ ነው አልኳቸው። «ይሁን፣ ሹራብስ?» ለዚህ ምን ይባላል? ያነበብኩት ትችት ሁሉ ውስጥ ስለ ሹራብ የጻፈ አልነበረም።

ንግግሩ ማናችንም የማናውቀው ቋንቋ ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ጋሽ ደምሰው ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ በደንብ ሄደ። ልጅቷ የአበባ ገበሬ ልጅ ናት፤ ጎረምሳው ጀልባ ቀቢ ነው። ጋሽ ደምሰው «ሙያ አለው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

ከዚያ ጎረምሳው ልጅቷን ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት።

ታውቁታላችሁ መቼም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ በኛ ቤት የሚሆነውን። እትዬ አስካለ ከሰሉን መቆስቆስ ጀመሩ። ሐጂ «አስተግፊሩላህ» ብለው ጣራ ጣራውን አዩ። ጋሽ ደምሰውን አሳላቸው። እኔ ላሳልፈው ብዬ ሪሞቱን አንስቼ ስጫነው ፊልሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱ ከንፈር ለከንፈር እንደተያያዙ፣ በቢጫ አበባ ተከበው፣ የግድግዳውን ግማሽ ሞልተው ቆሙ። እያንዳንዱ ምስል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው ተብሎ አልነበር? ይኸው ተሰቀለ።

«ምንድን ነው የምትለው ልጅቷ?» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ከሥር የተጻፈው «አባቴ የፈለገውን ይበል፣ ግድ የለኝም» የሚል ነው። ይሄን ልተርጉመው? በማን ቤት? ለማን? እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከአፌ «አባቴ ካልመረቁን የትም አልሄድም ትላለች» የሚል ወጣ።

«ጎሽ። ታዲያ ሳይመረቁ ይሄን ማን ፈቀደላቸው?»

«ታጭተዋል ጋሼ።»

«በማን ሽማግሌነት?»

የቆመው ምስል ላይ ከሚሳሳሙት ጀርባ አንድ ቡና ቤት በረንዳ አለ። በረንዳው ላይ ሦስት ሽማግሎች ቁጭ ብለው ካርታ ይጫወታሉ። ጣቴን ቀሰርኩ። «በነዚያ ነው።»

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሽማግሌ ሆነው ተልከው ካርታ ይጫወታሉ?»

«አባትየው ቀጠሮ እያበዙባቸው ጋሼ። መልስ እየጠበቁ ነው።»

ሐጂ ሰይድ ከጣራው ላይ ዓይናቸውን አወረዱና «ወላሂ ብልሆች ናቸው። እኛም ካርታ ይዘን ብንመጣ ኖሮ ይሻለን ነበር» አሉ።

እግዜር ይስጣቸው፣ እሳቸውም አያግዙኝ መሰላችሁ? ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሌላ ፊልም ሆነ። ጋሽ ደምሰው ባሕሩንም ፍቅረኞቹንም ትተው ሽማግሌዎቹን መከታተል ያዙ። ካሜራው ወደ ሌላ ሲዞር «የት ደረሱ?» ይሉኛል። ደግነቱ ዳይሬክተሩ ያንን በረንዳ ወዶታል መሰለኝ ደጋግሞ ይመለስበታል። ልጅቷ ገና ጎህ ሲቀድ ሻንጣዋን ይዛ ከቤት ወጣች። መጥፋቷ ነው! ይሄን ሁሉ ተቺ ሳነብ ልጅቷ ከቤት እንደምትጠፋ አንድ ሰው አይጽፍም? ሁሉም ስለ ቀለሙ!

«ወዴት ነው በዚህ ማለዳ?»

«ለሽማግሌዎቹ ስንቅ ልታደርስ ነው።»

«በሻንጣ?»

«መንገዱ ሩቅ ነው ጋሼ።»

«አሁንም ሹራብ የላትም» አሉ እትዬ አስካለ።

በመጨረሻ ከሦስቱ ሽማግሎች አንዱ ሞተ። ጽሑፉ መጠጥ ጉበቱን እንደጨረሰው ይናገራል። ቀብሩን በቢጫ አበባ መሐል አድርገው ሲያሳዩት፣ ምን ልበላችሁ፣ ልብ ይነካል። ጋሽ ደምሰው ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። ምን ሆኖ ሞተ? አሉኝ። አንዴ ገብቼበታለሁ፣ የት እመለሳለሁ? «መልስ ሲጠብቅ» አልኩ።

ይሄኔ ሐጂ ሰይድን አሳላቸው። ረጅም ሳል ነው፤ ከሆድ የሚወጣ።

«ሐጂ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ይሄ ዳገት ነው እንጂ። ግድ የለም፣ ጥቂት ጊዜ ብመላለስ ኢንሻአላህ እችለዋለሁ።» ደግመው አሳላቸው።

ጋሽ ደምሰው ብድግ አሉና «ጸዳለ፣ ነይ እስቲ» ብለው ወደ ግቢ ይዘዋት ወጡ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ጸዳለ እንግሊዝኛ ታነባለች! ይሄን ሁሉ ሰዓት እዚያ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ከኔ እኩል ስታነብ ነበር። ጸዳለ ደግሞ አትዋሽም። ያማል ቻለው የምትል ልጅ ናት። በመስኮቱ አያለሁ፤ ጉሙ ውስጥ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ቆመዋል። አንድ ነገር ጠየቋት። መሬት መሬቱን አየች። አጭር ነገር መለሰች። አለቀልኝ አልኩ። ፍላሼን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ ጃኬቴን ቆለፍኩ።

ጋሽ ደምሰው ተመልሰው ገቡና እኔን ሳያዩ «ሐጂ፣ ቅዳሜ ይምጡ። ከእንግዲህ በዚህ ዳገት አላመላልስዎትም» አሉ። እትዬ አስካለ ከማንደጃው ዳር እልል አሉ። እኔ የሞተውን ሽማግሌ ነፍሱን ይማር ብዬ አመሰገንኩት።

ሠርጉ ተበላ፣ ተጠጣ። የመልስ ቀን ጋሽ ደምሰው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ጉርሻ ካጎረሱኝ በኋላ «ያቺ ፊልም» አሉኝ። «አንተ ከማምጣትህ በፊት አይቻት ነበር። ያ የውጭውን ፊልም በአማርኛ የሚያናግረው ቻናል ላይ፣ ከአስካለ ጋር።»

ጉርሻውን ሳላኝከው ዋጥኩት።

«እዚያ መሳሙን ቆርጠውታል። አንተ ነህ ያመጣኸው» አሉ። «ሽማግሌዎቹም ሰካራሞች ናቸው።»

እትዬ አስካለስ እንዴት ዝም አሉ? ብዬ ጠየቅሁ። «እሷ ያኔም ስለ ሹራብ ብቻ ነው ያወራችው» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ውሸታም መሆኔን እያወቁ ልጅዎን እንዴት ሰጡኝ?»

ጸዳለን አዩዋት። ከሚዜዎቿ ጋር ትስቃለች። «አንተማ ትዋሻለህ፤ የመጣኸው ሚስት ፍለጋ ነው» አሉኝ። «ያን ዕለት ግቢ አውጥቼ እሱ የሚለው ከሥር የተጻፈውን ነው ወይ? ብዬ ጠየቅኋት። ቃል በቃል ነው አለችኝ። ይህቺ ልጅ ከተወለደች አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። ለአንተ ብላ እኔን ከዋሸች እንግዲህ ምን ቀረኝ? መስጠት ነው እንጂ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የኔም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስጽፍ «እውነተኛ ፊልም ነው» ብዬ ማሞገሱን ትቻለሁ። እውነት ማንን ዳረ? እኔ ሚስቴን ያገኘኋት በውሸት ነው፤ በኔ፣ ከኔ በሚበልጠው በሷ፣ ደግሞም በሐጂ ሰይድ ሳል። ሐጂ መልሱን የሰሙ ዕለት ያንን ዳገት እያፏጩ ነው የወረዱት።