አባ ተስፋ መኪና ሲያስመርጡኝ

መኪና በጠላ ሲፈተን አይታችኋል? እኔ እዚሁ ላሊበላ አይቻለሁ። ያስመረጡኝ ጎረቤቴ አባ ተስፋ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው በቅሎ ሲያስመርጡ የኖሩ ቄስ ናቸው። ደላላው ሁለት የቤት መኪና አመጣ፤ አንዱ አሮጌ፣ ሌላው የዚያው ዓይነት አዲሱ ሞዴል። አባ ሞተር አላስከፈቱም። እስከ አፉ የሞላ የጠላ ጣሳ ይዘው ከኋላ ተቀመጡና «ወደ ዳገቱ ንዳ!» አሉኝ። የበቅሎ አካሄድ የሚታወቀው እንዲህ ነዋ!

አዲሱ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ሄደና ሆዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አሮጌው ጠላውን ጋቢያቸው ላይ ደፍቶ ዳገቱን ወጣ።

«ፈሰሰ እኮ፣ አባ!»

«ፈሰሰ፤ ግን አደረሰኝ። ግዛው። ፈተናው ግን አላለቀም።»

ገዛሁት። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ሊፈትኑልኝ በር ላይ ይጠብቁኛል። ጣሳቸው ብቻ ክዳን አውጥቷል።