የኋላ ወንበር የሌላት መኪና

የኋላ ወንበር ያለው መኪና የባለቤቱ አይደለም። ሊብሬው ላይ የማንም ስም ይጻፍ፣ ቤንዚኑን ማንም ይሙላ፣ ከኋላ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር እስካለው ድረስ መኪናው የሕዝብ ነው። ካላመናችሁኝ ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር ኑና አንድ ሐበሻ መኪና ሲገዛ እዩ። "መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ" ብሎ እጁን የሚጨብጠው ሰው፣ እጁን ሳይለቅ "ጁምዓ ሥራ አለህ እንዴ?" ይለዋል። አለቀ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውየው ሹፌር ነው። ደመወዙ ዱዓ ነው። ዱዓውንም ቢሆን የሚያገኘው ካልዘገየ ነው።

እኔ በዚህ መዓርግ ካገለገልኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራዬ መጋረጃ ነው። የሰው ቤት መስኮት እለካለሁ፣ ሱቅ ውስጥ አሰፋለሁ፣ ተመልሼ እሰቅላለሁ። ለመጋረጃ ዘንግ መጫኛ ይሆነኛል ብዬ የገዛሁት ነጭ አሮጌ መኪና አለኝ። ባለቤቴ ሐያት ደግሞ በከተማው ሰሜን አንድ የሳዑዲ ቤተሰብ ቤት ትሠራለች፤ እዚያው ታድራለች። ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታመላልሰውም እሷ ናት፤ ማዳሟ መንጃ ፈቃድ አስወጥታላታለች። እረፍቷ ጁምዓ ብቻ ነው። ጠዋት ከበራቸው እወስዳታለሁ፣ ማታ እመልሳታለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ባልና ሚስት ነን ማለት ነው።

ያቺን አንዲት ቀን ግን የሚያስተዳድሯት እትዬ ከድጃ ናቸው። እትዬ ከድጃ የደሴ ሰው ናቸው፤ ጅዳ ውስጥ ያልሠሩበት ቤት፣ ያላስታረቁት ሰው የለም። ጁምዓ ጠዋት ሐያትን ይዤ ሰቢል ስደርስ፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። አንዷ መካ ዘመድ ትጠይቃለች፣ አንዷ በለድ ገበያ ሻንጣ ትገዛለች። እትዬ ከድጃ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ከፊት ይቀመጣሉ። ሐያት ከኋላ ትሄዳለች። እንግዲህ እፍረት ምን ያደርጋል፣ ልንገራችሁ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስቴን በስፖኪዮ ነው የማያት። ግንባሯንና ዓይኗን አያለሁ። መስተዋቱን ትንሽ ካዘነበልኩት አገጯን አያለሁ። ሙሉ ፊቷን ለማየት መኪናው መቆም አለበት፤ መኪናው ሲቆም ደግሞ ወርዳ ከሴቶቹ ጋር ትሄዳለች።

እኔ ቪላ ስጡኝ አላልኩ፤ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ በነፃ አድሱልኝ አላልኩ። ሚስቴን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሁለታችን ብቻ፣ ባሕሩን ይዘን ሽር ማለት ነው የፈለግኩት። ይህን የመሰለ ትንሽ ምኞት ያለው ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ያደረግኩትን እንዳታደርጉ።

አንድ ቀን አቡ ነቢል የሚባሉ የጅዳ ሽማግሌ ቤት የሳሎን መጋረጃ ልሰቅል ሄድኩ። መሰላል ላይ ቆሜ በመስኮቱ ወደ ግቢው ስመለከት ጨርቅ የለበሰ ዝቅ ያለ ነገር አየሁ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ሰውየው መጋረጃውን ረሱት። እጄን ይዘው አወጡኝና ጨርቁን ገለጡት። ቀይ ናት። በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። ወንበሯ ሁለት ነው። ከወንበሮቹ ኋላ ወዲያው ብረት ነው፤ ከብረቱ ኋላ ሞተሩ አለ። እንኳን ለእትዬ ከድጃ፣ ለእትዬ ከድጃ የእጅ ቦርሳ የሚሆን ቦታ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ፍጥነቷ ይጠይቅ ነበር። እኔ "ሦስተኛ ሰው በምንም መንገድ አይገባም?" ብዬ ጠየቅኩ።

"በምንም መንገድ" አሉ አቡ ነቢል፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ።

ደስታዬን እንዳያዩብኝ ዞር አልኩ። የጠሩልኝ ዋጋ ከቆጠብኩት ጋር የሚቀራረብ ነበር። ሰውየውም ልበ ሰፊ ናቸው፤ "ጁምዓ ውሰዳትና ንዳት። ልብህ ከወደዳት እንነጋገራለን። ካልወደዳት ማታ ከዒሻ ሶላት በፊት መልሳት" አሉኝ።

ለሰው የምናገረውን ምክንያት ወዲያው ማዘጋጀት ጀመርኩ። የድሮ መኪና ቅርስ ነው። ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል። እንደ ወርቅ ነው፣ እንዲያውም ወርቅ አይነዳም... እንዲህ እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳሳምን ሰነበትኩ። ለወጉ ያህል ግን በባለሙያ መታየት ስላለባት ጋራዥ የሚሠራውን ጓደኛዬን ሰይድን አቡ ነቢል ግቢ ወሰድኩት። ሰይድ ከሥሯ ገባ፣ ወጣ፣ ሞተሯን አስነስቶ ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠ።

"ቦዲዋ ንጹሕ ነው" አለ። "ሞተሯም ደህና ነው። ኤሲዋ አይሠራም። መለዋወጫ ከውጭ አስመጥተህ ነው የምታገኘው።"

"እሱን እችለዋለሁ። ሌላ ችግር አለባት?"

"አንድ ትልቅ ችግር አለባት፤ ወንበሯ ሁለት ነው።"

"እሱን ተወው።"

"እንዴት እተወዋለሁ? እናቴ መካ ለዑምራ ስትመጣ በምን ልታደርስልኝ ነው?"

አያችሁ? የባለሙያ ምርመራ ብዬ የወሰድኩት ሰው የራሱን ወረፋ ሊያስከብር ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ የማንንም ምክር ላልሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ጁምዓ ደረሰ። ሐያት ከማዳሟ በር ወጥታ ነጩን መኪና ፍለጋ ግራ ቀኝ ስታይ ጥሩንባ ነፋሁላት። መጣችና በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

"ይቺ የማን ናት?"

"የኔና የአንቺ ልትሆን ትችላለች። ግቢ።"

ገባች ማለት ይከብዳል፤ ወንበሩ መሬት አጠገብ ስለሆነ ወደቀች ማለት ይቀላል። ዐባያዋን በሩ ያዘው፤ ከፍተን አስለቀቅነው። ጉዞ ጀመርን። ለሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ወሬ ልጀምር አፌን ስከፍት ሞተሩ ቀደመኝ። ከጀርባችን ወፍጮ ቤት ያለ ይመስላል። እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ "ምን አልክ?" ትላለች። እሷ ትጮኻለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። የጅዳ ሙቀት በበኩሉ ሥራውን ይሠራል። ቢሆንም ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐያት አጠገቤ ናት። ፊቷን ሙሉውን አየሁት። ላብ ችፍ ብሎበታል እንጂ ሙሉ ነው።

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም "ወደ ባሕሩ ነው የምንሄደው፤ ሁለታችን ብቻ" አልኳት።

ደነገጠች። "ዘሃራስ? ነገ እኮ ነው የምትሄደው።"

ዘሃራ ከሐያት ጋር ከአንድ ቀበሌ የወጣች ልጅ ናት። ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ አሁን ኸሩጅ የሚሉት የመውጫ ቪዛ ወጥቶላታል፤ ለመጨረሻ ጊዜ አገሯ ልትገባ ነው። ዛሬ መካ ሄዳ የስንብት ዑምራዋን ልታደርግ እትዬ ከድጃና ሌሎች ሁለት ሴቶች ሊያጅቧት ተነጋግረዋል። እኔ ይህን አላጣሁትም። ነገር ግን አሰብኩ፦ ሰቢል ልሂድ፣ መኪናዋን በዓይናቸው ይዩ፣ እንደማይቻል ይረዱ፣ ከዚያ በሰላም እንለያይ። ብልጥ ነኝ ብዬ ማሰቤ ነው።

ሰቢል ስንደርስ እትዬ ከድጃ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። የፊቱን ክዳን አስከፈቱኝና ባዶውን ሲያዩት አዘኑልኝ።

"ኢብሬ፣ ሞተሩን አውጥተው ነው የሰጡህ።"

"ሞተሩ ከኋላ ነው እትዬ።"

"ከኋላ ሰው ነው የሚቀመጠው።" በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ፤ ሁለቱን ወንበሮች አዩ፤ ቀና አሉ። "ይችን የሠራት ሰው ዘመድ የለውም" አሉ።

ያዘጋጀሁትን ካርድ መዘዝኩ። ድምፄን ዝግ አድርጌ፣ አንድ ሰው ብቻ መያዝ እንደምችል፣ ሐያት ወርዳ አንዷ ብትገባ ደግሞ ባዕድ ሴት ከኔ ጋር ብቻዋን መሆኗ እንደሆነ፣ ይህም ኸልዋ ተብሎ በሃይማኖታችን የተከለከለ መሆኑን አስረዳሁ። የማደርገው ሁሉ አላህን በመፍራት የተደረገ እንዲመስል መሬት መሬት አየሁ።

"ማሻአላህ" አሉ እትዬ ከድጃ። "ሁለት ዓመት ስትነዳን አንዲት ሐዲስ ከአፍህ አልወጣችም፤ ዛሬ ሼህ ሆነህ መጣህ። ግን እውነትህን ነው። እንግዲያው ሐያት ትንዳት፤ ዘሃራ አጠገቧ ትቀመጥ። አንተ ነጩን አምጣ፤ እኛ በሱ እንሄዳለን። ያላ።"

አንድ ተስፋ ቀረችኝ። "መኪናዋ የሰው ናት፤ ማስፈቀድ አለብኝ" ብዬ አቡ ነቢል ዘንድ ደወልኩ። ሚስቴ ልትነዳት እንደሆነ ስነግራቸው ይከለክላሉ ብዬ ነበር።

"ካንተ እሷ ብትነዳት ይሻላል" አሉ። "አንተን መሰላል ላይ ስትንገዳገድ አይቼሃለሁ።"

ነጩን መኪና ከሱቁ ጀርባ ሄጄ አመጣሁት። እትዬ ከድጃ ከፊት ገቡ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ትልቅ የሩዝ ድስት መሀላቸው አድርገው ከኋላ ገቡ። የመካን መንገድ ስንይዝ ቀይዋ መኪና በግራዬ በኩል አለፈችኝ። ሐያትና ዘሃራ ያወራሉ። ከኔ ጋር ሲሆን ጆሮ የሚበጥሰው ሞተር ለነሱ ዝም ያለላቸው ይመስል ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ተከተላት እንጂ" አሉ እትዬ ከድጃ።

"ይሄኛው አይችልም እትዬ።"

"እንግዲያው መኪና መቀየር አለብህ" አሉኝ፣ ፍጹም ከልባቸው።

መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር የእትዬ ከድጃ እህት ቤት አለ። መኪኖቹን እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ አቆምናቸው፤ ሴቶቹ ወደ ሐረም፣ ወደ ታላቁ መስጊድ ሄዱ። ዑምራው አልቆ፣ ሩዙ ተበልቶ፣ ሁሉም ፍራሹ ላይ ጋደም ሲል ሐያትን ወደ ደረጃው ጠራኋት። የዚያን ቀን የሚወሰነው ነገር እዚያ ደረጃ ላይ ነበር።

"እንዴት ናት?" አልኳት።

"ጥሩ ናት። ፍሬኗ ደህና ነው። ማርሿ ሦስተኛ ላይ ያዝ ያደርጋል።"

"እንግዛት?"

"ምን ታደርግልናለች?"

"አጠገቤ ትቀመጫለሽ።"

ሐያት ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ኢብሬ፣ እኔ እኮ ከኋላ መቀመጥ ነው የምወደው" አለች። "ከአንተ ጋርማ ማታ ማታ በስልክ እናወራለን። እዚያ ቤት ግን ሳምንቱን ሙሉ በአማርኛ 'እህ' የሚለኝ ሰው የለም። ማዳም ዐረብኛ፣ ልጆቹ ዐረብኛ፣ ቴሌቪዥኑ ዐረብኛ። ጁምዓ ከኋላ ከነዘሃራ ጋር ተጨናንቄ ስቀመጥ ነው ሰው መሆኔ የሚታወቀኝ። አንተ ከፊት አለህ። መኖርህን አውቃለሁ፤ ደስ ይለኛል። ግን ወሬው ከኋላ ነው።" "አሁን ዘሃራም ልትሄድ ነው" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከፋኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘንኩላት ሴት ለካ ደስተኛ ነበረች! የኔ ኀዘን ሜዳ ላይ ቀረ። ግን እንባዋን ሳይ የራሴ መከፋት አሳፈረኝ፤ እጇን ያዝኩ። ሙሉ ፊቷን እያየሁ ትንሽ ተቀመጥን። ከዚያ ከላይ እትዬ ከድጃ ተጣሩና ተነሣን።

ስንመለስ ዘሃራ የመጨረሻ ቀኗ ስለሆነ ከሁሉም ጋር መሆን ፈለገች። ስለዚህ ሐያት ነጩን ልትነዳ፣ እትዬ ከድጃ ከፊት፣ ዘሃራና ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ሊሄዱ ተወሰነ። የወሰነው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ብቻዬን ቀይዋን ይዤ ልመለስ ነው። መሪውን ስይዝ በሌላኛው በኩል በሩ ተከፈተ፤ ሐያት መሰለችኝ። እትዬ ከድጃ ናቸው። ግማሽ ሩዝ የቀረበትን ድስት ወንበሩ ላይ አስቀመጡ፣ ቀበቶውን ጎትተው አሰሩለት።

"መረቅ አለው" አሉኝ። "ቀስ ብለህ ንዳ።"

ጅዳ ድረስ ከድስቱ ጋር ተጓዝን። ጨዋ ተሳፋሪ ነው፤ "ጁምዓ ሥራ አለህ?" አይልም። መጀመሪያ አቡ ነቢል ቤት ደረስኩ። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ቁልፉን ስሰጣቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ምን ጉድለት አገኘህባት?"

"ምንም። ሚስቴ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ መቀመጥ ትወዳለች።"

አቡ ነቢል መኪናዋን አዩ። "የኔዋም እንደዚያው ናት" አሉ። "ኡሙ ነቢልን አጠገቤ ላስቀምጥ ብዬ ነበር የገዛኋት። አንድ ጊዜ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ ከእህቶቿ ጋር በትልቁ መኪና ነው የምትሄደው።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?"

ሽማግሌው በመስኮቱ ጎንበስ ብለው በቀበቶ የታሰረውን ድስት አዩና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"ዓሣ" አሉ። "ጁምዓ ጁምዓ ከገበያ ዓሣ እገዛለሁ። እኔም ቀበቶውን አስርለት ነበር።"