የሰው ዝገት የሚቀርፈው ፕሮፌሰር

ሐኪም የሌለው ሰፈር ይኖራል፤ ሳይማር ሐኪም የሆነ ሰው የሌለበት የሥራ ቦታ ግን የለም። ለእኛ ጋራዥ የደረሰው ክቡር ፕሮፌሰር ነው። ማዕረጉን በቀልድ የሰጠነው እኛ ነን፤ እሱ ግን የምሩን ተቀበለን።

ሥራው ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ መኪና ያቃናል፣ የዛገ ቆርቆሮ ይቀርፋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዝገት ጋር ሲታገል ኖሮ፣ አንድ ቀን በሬዲዮ ሰውም ውስጥ ውስጡን እንደሚዝግ ሰማ። አለቀ! ከዚያ ወዲህ "እንዴት አደርክ" ቀርቶ ሰላምታው "ወንድሜ፣ እየዛግህ ነው" ሆነ።

"ሰውን የሚያዝገው ፍሪ ራዲካል ማለት" ይላል መዶሻውን እንደያዘ፣ "ኤሌክትሮን የጎደለው ሞለኪውል ነው። ከጎረቤቱ ይነጥቃል። የተነጠቀውም ተነስቶ ሌላውን ይነጥቃል። ሰፈሩ ይታመሳል! አንቲኦክሲዳንት ግን ከራሱ ሰጥቶ ጠቡን የሚያበርድ ጨዋ ሽማግሌ ነው።"

"ታዲያ አማቴ ፍሪ ራዲካል ናት በለኛ!" ይለዋል ኤሌክትሪሻኑ።

ፕሮፌሰር አይስቅም። በር ሊያስቃና የመጣ ደንበኛ ስለ ቲማቲም ተመክሮ ይሄዳል። ጸሐፊያችን ብስኩት የምትበላው ተደብቃ ነው። ተሳሳትኩ ማለት ደግሞ አልፈጠረበትም፤ አንዴ በር አጣሞ ገጥሞ "መኪናው ነው የተንጋደደው" ብሎ ድርቅ አለ።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ከግቢው በር ውጭ ቆሜ ሲጋራ ስለማጨስ ዋናው በሽተኛው ሆንኩ። ካሮት አመጣልኝ፤ አልበላሁም። በመጨረሻ ቤታ ካሮቲን የሚባለውን፣ ካሮት ውስጥ ያለውን አንቲኦክሲዳንት በክኒን መልክ አንድ ብልቃጥ ሙሉ ይዞ መጣ።

"በቀን ሁለት ዋጥ። ሳንባህን ፀረ ዝገት ቀባኸው ማለት ነው።"

ለቀለም ቀቢ እንዲህ ይባላል? እኛ ዘንድ ፀረ ዝገት የተቀባ ብረት ዝናብ አይፈራም። እኔም ልቤ ሞላ፤ በቀን አምስት የነበረው ሲጋራ አሥር ገባ።

በሦስተኛው ሳምንት ፕሮፌሰር ሚስቱን ለማሳከም ሄዶ ሐኪሟን ሊያስተምራት ተነሳ። የእኔን ክኒን ጠቅሶ ጉራውን ሲነዛ አቋረጠችው።

"የሚያጨስ ሰው ነው? ዛሬውኑ ያስጥሉት! ይህን ክኒን በብዛት የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር በዝቶ መገኘቱ በጥናት ታይቷል። ደግሞ እነዚህ የሚረግሟቸው ፍሪ ራዲካሎች ሰውነት ጀርም የሚገድልባቸውም ናቸው። ካሮቱን ከምግቡ ጋር ይብላ፣ ሲጋራውን ይተው።"

በማግስቱ ቱታችንን ስንለብስ ገባ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ክኒኑን አምጣ" አለኝ። "ተሳስቻለሁ።"

ኤሌክትሪሻኑ እንኳ ቱታውን በግማሽ ለብሶ ሊሰማ ቀረበ። ፕሮፌሰር የሐኪሟን ቃል አንድ ሳያስቀር ሁላችን ፊት ተናገረና ክኒኑን ቆሻሻ ውስጥ ደፋው።

"ብገድልህስ ኖሮ?" አለኝ። "ለልጆችህ ምን እላቸው ነበር?"

የሚስቴ ልመና፣ የእናቴ ለቅሶ አልበገረኝም ነበር። ይህ ግትር ሰው በሰው ፊት ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ግን የቱ አንጀት ይችላል? የሲጋራ ፓኬቱን ከኪሴ አውጥቼ አስጨበጥኩት። ይኸው ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሲጋራው ሲያምረኝ ሮጬ እሄድና መዶሻውን አስጥዬ "ና እስቲ አስተምረኝ" እለዋለሁ። እሱ ያስተምራል፣ አምሮቱም ያልፋል። እወደዋለሁ፣ ምን ይደረግ!