የደምሌና የአራጋው ትዊተር

ሬዲዮውን ሠሪ ቤት ጥሎ በሰላም የሚተኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ዕቃው ተሠርቶ ሲመለስለትም ገልብጦ ያየዋል፣ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ «ውስጡን ለውጠውብኝ ይሆን?» ይላል። ውስጡ ምን እንደነበር ግን ድሮም አያውቅም።

በተለይ በኢሕአዴግ ጊዜ፣ እዚህ ላሊበላም በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ በነገሠበት ወቅት፣ ጥርጣሬ እንደ ሙያ ይቆጠር ነበር። እኔ አስተማሪ ስለነበርኩ ገምግሜም ተገምግሜም አውቀዋለሁ። ደምሌና አራጋው ግን ሻይ ቤት ነጋዴዎች ናቸው፤ ማንም ሳይሰበስባቸው ነው እርስ በርስ የተገማገሙት።

ሁለቱ ለብዙ ዓመታት የአንድ ሻይ ቤት ሸሪኮች ነበሩ። የቤቱ ግርማ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ የገዟቸው ሁለት ትልልቅ አሮጌ ስፒከሮች ነበሩ። ሲለያዩ ወንበሩንም ብርጭቆውንም ተካፈሉ፤ ስፒከሮቹንም በዕጣ አንድ አንድ ወሰዱ። ያካፈልናቸው ሽማግሌዎች፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ ጥሩ የሠራን መስሎን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የደምሌ ስፒከር ታፈነ። ጎርናናው ድምፅ አለ፤ ጭብጨባውና የማሲንቆው ቀጭን ድምፅ ግን ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን ሰው መሰለ። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ከላይ ያለችው፣ የስኒ አፍ የምታክል ትንሽ ስፒከር ናት፤ ሠሪዎቹ ትዊተር ይሏታል። ደምሌ ይህን እንደሰማ ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት። ከመለያየታቸው በፊት አራጋው ብሎን መፍቻ ይዞ ከስፒከሮቹ ሳጥኖች ጀርባ ሲጎነበስ አይቶታል! የአራጋውም ስፒከር ታፍኖ ነበር። እሱ ደግሞ፣ ዕጣውን ቀድሞ ያነሳው ደምሌ ስለነበር፣ ደህናዋ ትዊተር ያለችበትን አውቆ ነው የወሰደው ይላል። ሰላምታ ቀረ።

ክፋቱ፣ የደምሌ የበኩር ልጅ ሠርግ ደርሷል፤ የሙሽራው የክርስትና አባት ደግሞ አራጋው ነው። ደምሌ «ትዊተሬን የሰረቀ ሰው የልጄን ዳስ አይረግጥም» አለ። ሙሽራው እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ያለ ክርስትና አባቱ እንደማይሞሸር ነግሮኝ ሄደ።

ሳጥኖቹን ወደ ቤቴ አስመጣሁ። ከፍላቂት ለቅዳሜ ገበያ የሚመጣውን ሬዲዮ ሠሪ እንድሪስንም ጠራሁት። እንድሪስ መጠርጠር የሰለቸው ሰው ነው፤ ባለቤቱ ቆሞ ካላየ ብሎን አይፈታም። ሁለቱ ባለቤቶች በግራና በቀኙ ቁጢጥ ብለው ዓይናቸውን እጁ ላይ ተከሉ።

የአራጋው ሳጥን ብሎኖች ተጫጭረው ነበር። ደምሌ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ብቻ አነሳ። አራጋው ደንግጦ፣ አይጥ ገብታበት ሊያወጣት ከፍቶት እንደነበር ተናገረ። ክዳኑ ሲነሳ ጥጉ ላይ አይጥ የከተፈችው ጨርቅ ተገኘ። ቅንድቡ ወረደ።

እንድሪስ ትዊተሮቹን አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሁለቱም ከፋብሪካ እንደወጡ ነበሩ፤ የነካቸው የለም። በቴስተር ለካቸው፤ ቀጥሎም በባትሪ ድንጋይ ነካ ሲያደርጋቸው ሁለቱም ጠቅ፣ ጠቅ አሉ።

«ትዊተሮቹ ደህና ናቸው» አለ። «የደረቀው ወደነሱ ድምፁን የሚያሳልፈው ኮንደንሰር ነው። የሁለታችሁም ደርቋል።»

«ማን አደረቀው?» አለ ደምሌ።

«ዕድሜ ነዋ፣ ጋሼ።»

ሌባ ባለመገኘቱ ሁለቱም ቅር ሲላቸው አየሁ።

እንድሪስ ለሁለቱም አዲስ ኮንደንሰር ቀየረ። ድምፃቸው እኩል መሆኑን ለማየት አንድ የቆየ ካሴት ከፈትን። ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ቤቱን ሞላው። አራጋው አንገቱን ደፍቶ፣ «ደምሌ፣ ቤቱን የከፈትን ቀን ያሰማነው ይህንን ነበር» አለ። ደምሌም ሠርጉ እሑድ መሆኑንና ከዋዜማው መምጣት እንዳለበት ነገረው።

ሠርጉ ላይ ስፒከሮቹ ጎን ለጎን ቆሙ፤ የክርስትና አባቱም ከሙሽራው በላይ ጨፈረ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ግን ደምሌ የአራጋው ስፒከር ይበልጣል አለ፤ አራጋው የደምሌው ይበልጣል አለ። እንግዲያው ተቀያየሩ ስላቸው ሁለቱም እሺ አሉ፤ ወዲያው ግን ደነገጡ፤ ያኛው እንዲህ ቶሎ እሺ ያለው ለምንድን ነው? እስኪስማሙ ድረስ ሳጥኖቹ እኔ ቤት እንዲቆዩ ተወሰነ።

እስካሁን አልተስማሙም። በየሳምንቱ አብረው መጥተው ካሴት ይሰማሉ፤ ይሥቃሉ፤ የድሮውን ያወራሉ። ሲወጡ ደምሌ ወደኋላ ቀረት ብሎ በሹክሹክታ፣ «መምህር፣ አራጋው ብቻውን መጥቶ ያውቃል?» ይለኛል። አራጋውም ስለ ደምሌ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ለሁለቱም «በፍጹም» እላቸዋለሁ።

ሁለቱም ብቻቸውን ይመጣሉ። ግን ይህን ብነግራቸው ስፒከሮቹን ይወስዱብኛል።