እኔን ነው ግልፍተኛ የምትለው?

የመዝገበ ቃላት ክፍሉ ኃላፊ በትዕግሥታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ የታወቁትም በራሳቸው ዘንድ ነው። «ትዕግሥት ፍሬዋ ጣፋጭ ነው» እያሉ ሠራተኛውን ይመክራሉ፤ ፍሬው እስኪደርስ ግን ጠብቀው አያውቁም።

አንድ ቀን ክፍሉ «ቁጡ» የሚለውን ቃል ሊፈታ ተሰበሰበ። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የቋንቋችንን ሀብት ከብክነት ለመታደግ በምናደርገው ዘርፈ ብዙ ርብርብ፣ ቁጡን ከግልፍተኛ፣ ግልፍተኛን ከነጭናጫ አጥርተን መለየት ግድ ይለናል። እስቲ ምሳሌ!»

ሁሉም አቀርቅሮ ጠረጴዛውን ያይ ጀመር። ከኃላፊው የውሃ ብርጭቆ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረበትም።

«ምነው? ቁጡ ሰው አይታችሁ አታውቁም?»

«ኧረ እናውቃለን፤» አለች ጸሐፊዋ፣ «ማለቴ... በሩቁ።»

ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ የመጣው አራሚ ገና አመላቸውን አላጠናም።

«ለምሳሌ እርስዎ ግልፍተኛ ነዎት እንበል...»

ቱግ አሉ። «እኔን ነው ግልፍተኛ የምትለው? ግልፍተኛ እኮ ገንፍሎ ወዲያው የሚበርድ ነው! እኔ መቼ በርጄ አውቃለሁ?»

ጠረጴዛውን በጡጫ ሲነርቱት ብርጭቆው ተገልብጦ ሱሪያቸውን አራሰው። ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሳች።

«ይሄንንስ ምን እንበለው?»

«ቁጡ በይው!» ብለው በሩን ጠርቅመው ወጡ። ስብሰባው ምሳሌውን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ።

እርጥብ ሱሪ ለብሶ መንገድ መሄድ ሰውን ያስተክዛል። «እውነት እንደዚያ ነኝ እንዴ?» እያሉ ቤታቸው ደረሱ። ከውስጥ የሚስታቸውና የልጃቸው ሳቅ ይሰማል። ቁልፉን ሲያዞሩ ሳቁ ቀጥ አለ።

ሳይቀመጡ ሚስታቸውን ጠየቁ። «እስቲ ሳትደብቂ ንገሪኝ። ቁጡ፣ ግልፍተኛ፣ ነጭናጫ... የትኛው ነው የሚስማማኝ?»

«ትቆጣለህ።»

«አልቆጣም አልኩሽ እኮ!»

ልጅቱ እናቷን አየች። እናቷ የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች፣ «እኛማ እንዲህ ያለ ቃል አናውቅም፤» አለች። «በሩ ሲንቋቋ ‹መጣ› ነው የምንባባለው።»

«‹መጣ› እኮ ግስ ነው! እኔ የጠየቅሁት ቅጽል ነው!» ብለው አምባረቁ።

የገዛ ድምፃቸው ከግድግዳው ነጥሮ ተመለሰላቸው። ቀስ ብለው፣ «መጣ» አሉ።

መጀመሪያ ልጅቱ ሳቀች፤ እናቷም ተከተለች። እሳቸው እቤት እያሉ ሲሳቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። ኃላፊው ሊቆጡ ፈለጉ፤ ቃል አጡ።