ሳይበላ የሚፈርድ ዳኛ

አካሉ ደብረ ታቦር፣ ልቡ ሌላ ዘመን የሚኖር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ የታሪክ መምህሩ አለልኝ እንዲያ ነው። የጉና ጉም ሲወርድ በጥንት አውሮፓ የነበሩት የፍራንኮች ንጉሥ መልእክተኞች በፈረስ ሲመጡ ይታየዋል።

ባለፈው በእርሻ ድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን ልናስታርቅ ተቀመጥን። በጉ ታርዶ የወጡ ሽታ ያውዳል። አለልኝ ከሕልሙ ነቃና፣ «ያ ንጉሥ ዳኛ ሳይበላ ይፍረድ ብሎ አውጆ ነበር» አለ።

«እኛስ ከማን አንሰን?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ አባ ተገኘ። «ወጡ ይቆይ።»

የዓመታት ጠብ ወጡ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። በማግስቱ ወንድማማቾቹ ተያይዘው መጡና፣ «ጋሼ፣ ድንበራችን የት ላይ ነው ያላችሁት?» አሉኝ። ባሰላስል ባሰላስል ትዝ የሚለኝ የወጡ ሽታ ብቻ ሆነ።