በጋሽ ደግፌ በር ላይ የተተከለው ድንኳን

አስተማሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ በጥቁር ሰሌዳ የሚያስተምርና በሰው ንብረት የሚያስተምር። የመጀመሪያውን ዓይነት ጋሽ ደግፌ ዕድሜ ልካቸውን ባርኔጣ አንስተው ሰላም ሲሉ ኖረዋል። ሁለተኛውን ዓይነት ግን መምህርት ዘመነች እስክትመጣ ድረስ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር። ካዩት ወዲህ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት አምሯቸው ቀርቷል።

ሰፈሩ ኮልፌ ቀራኒዮ ነው። እውነት ለመናገር ግን ኮልፌ ሲባል ገበያና ጋራዥ ብቻ የሚታየው ሰው እዚህ ቢያመጡት «የት ወሰዳችሁኝ?» ማለቱ አይቀርም። ከጦር ኃይሎች የተሳፈረበት ታክሲ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ያወርደውና አቀበቱን በእግሩ ይያያዘዋል። አስፋልቱ ያልቃል፤ ኮብልስቶኑም ያልቃል፤ ባሕር ዛፍ ይጀምራል። ከተማው ደክሞት ቁጭ ያለበት ቦታ ላይ በአንድ ወገን የገብስ ማሳ፣ በሌላው ወገን የጋሽ ደግፌን አጥር የሚዋሰን አንድ ትንሽ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ።

ጋሽ ደግፌ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ጎላ ድስቱም በግቢያቸው ባለች የቆርቆሮ ቤት ይቀመጣል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጅ የላቸውም። እና ሰው ካልሞተ በቀር ያ በር አይከፈትም። «የእድር ዕቃ ለእድር!» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ልባቸው ራርቶ ለጎረቤታቸው ለአቶ ሰብስቤ የልጅ ምርቃት አንድ ድስት ቢያውሱ ድስቱ ጎኑ ተሰርጉዶ ተመለሰ። አቶ ሰብስቤ «ሲሰጠኝም እንዲሁ ነበር» ብለው ድርቅ አሉ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ ሰማይ፣ ሌላው መሬት መሬት እያየ ይተላለፋል።

እንዲህ ካለ ሰው አጥር ሥር ነው እንግዲህ ክብርት መምህርት ዘመነች አራተኛ ክፍልን ይዛ የከተመችው። ቀጭን ናት፤ ፈጣን ናት፤ ስትሄድ ልጆቹ ከኋላዋ ይሮጣሉ። መፈክሯ አንድ ነው። «ካልነኩት አይገባቸውም!»

ኪሎን ለማስተማር ክፍሉን ይዛ ወፍጮ ቤት ገባች። ልጆቹ እህል ተሸከሙ፣ መዘኑ፣ ዱቄት ውስጥ ተንከባለሉ፤ ማታ እናቶች የማንን ልጅ እንደሚያጥቡ ሳያውቁ አጠቡ። ስለ ወተት ለማስተማር ደግሞ በረት ገባች። ላሚቱ የክፍሉ ተማሪ ሁሉ በየተራ ሲያልባት ውሎ ማታ ባለቤቷን በእርግጫ ተቀበለችው። የሕፃን አያያዝ የተባለው ምዕራፍ ሲደርስ ሔለን የምትባል የሰፈሩ ልጅ ወልዳ ተኝታ ነበርና ክፍሉ በሙሉ አራስ ጥየቃ ሄደ። መምህርቷ የጸሎት ቤት ሰው ስለሆነች «እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ» በሉ ብላ አስጠንታቸዋለች፤ ገሚሱ እንደተባለው አለ፣ ገሚሱ ከቤቱ እንደለመደው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ «የገንፎው መሐል ለምን ተጎደጎደ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መልሱን በእጃቸው ፈለጉት፤ አራሷ ያን ቀን በዳቦ ዋለች።

ጋሽ ደግፌም አልቀረላቸውም። አጥር ለአጥር ናቸዋ! ልክ ጋደም ሲሉ በሩ ይንኳኳል።

«ጋሼ፣ መሰላልዎን ለአንድ ፔሬድ ብቻ።»

«ጋሼ፣ መጋዝዎን ለአንድ ፔሬድ ብቻ።»

«ጋሼ፣ ዶሮዎን ለአንድ ፔሬድ ብቻ። ጌታ ይባርክዎት።»

ዶሮዋ ከፔሬዷ ስትመለስ ሌላ ዶሮ ሆና ነው የመጣችው፤ ሰው ባየች ቁጥር ቆጥ ላይ ትወጣለች፤ እንቁላል የሚባል ነገርም እርም አለች። ጋሽ ደግፌ በዚህ ጊዜ ቆርጠው ተነሱ። የወፍጮ ቤቱን ሰው፣ የላሚቱን ባለቤትና የሔለንን ባል አስከትለው የርዕሰ መምህሩ የጌድዮን ቢሮ ገቡ። «ይቺ ልጅ ወይ ክፍሏ ውስጥ ታስተምር፣ ወይ ሰፈሩን ትልቀቅ!» አሉ። ጌድዮን ለቅዳሜ የወላጆችና የሰፈር ሰዎች ስብሰባ ጠራ፤ ልጆቹ ከግቢ ይውጡ ወይስ አይውጡ፣ በድምፅ ይወሰናል። መምህርት ዘመነች ነገሩን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ቆልፌባቸው ካስተማርኩ ምኑን አስተማርኩት? እንደዚያ ከተወሰነ ዝውውር እጠይቃለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ቅዳሜ አንገቱን ደፍቶ ይሰነብት ነበር። እሷ ግን ሐሙስ ጠዋት የጋሽ ደግፌን በር አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ዙሪያና ስፋት ላይ ደርሰናል። ድንኳኑን ፈልጌ ነበር።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው አይከፈትም!»

ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ወንድሙ ሄደች። ሳያት የምትባለው የአቶ ወንድሙ የልጅ ልጅ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ምን ዓይነት የጓዳ ምልጃ እንደተደረገ አይታወቅም፤ ብቻ «ይሰጣት» የሚል ቃል መጣ። ዳኛ ካዘዘ ምን ይደረጋል? ጋሽ ደግፌ ቁልፉን ከአንገታቸው ሲያወጡ ጥርስ የሚነቀልባቸው ይመስል ነበር።

«ግን ከዓይኔ አይርቅም! ሜዳ ምናምን የሚባል ነገር አልሰማም። እዚሁ፣ በሬ ላይ ትተክሉታላችሁ!»

«እሺ ጋሼ፣ ጌታ ይባርክዎት!» አለች። ልብ በሉ፤ በራቸው ላይ ይተከል ያሉት እሳቸው ናቸው።

ልጆቹ ሸራውን ዘረጉ፤ ጎኑን በሜትር ለኩ፤ ምሰሶ አቆሙ። ጋሽ ደግፌ ከዘራቸውን ተደግፈው ዘብ ቆሙ። ሊናገሩ አላሰቡም ነበር። ግን ትንሿ ሳያት ገመዱን አላግባብ ስትስበው አላስቻላቸውም። «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ልጄ! ካስማው ዘመም ይበል እንጂ!» አሉ። ከዚያ በኋላማ አፋቸው አልተዘጋም። ድንኳኑ ቆመ። የእድሩ ጎረምሶች ሲተክሉት ሁልጊዜ እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ጎኑ የሚያዘነብለው ድንኳን ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሽ ደግፌ ይኼን አይተዋል። ጉልበታቸውን ስላመማቸው «አሁንስ ትንሽ ጋደም ልበል» ብለው ገቡ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መምህርት ዘመነች ልጆቹን በእድሩ አግዳሚ ላይ ደርድራ «አሁን እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ ስፋቱን አስሉ። ድምፅ እንዳልሰማ!» አለች። እጇን አጣምራ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ልጆቹ አቀረቀሩ።

በዚህ ጊዜ እትዬ ከበደች ከገበያ ሲመለሱ ብቅ አሉ። በዚህ አገር በሥራ ቀን ሰው በር ላይ ድንኳን ከተተከለ ለምን እንደተተከለ አይጠየቅም። ድንኳኑ አለ፤ አግዳሚው አለ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፍተዋል። በሩ ደግሞ የጋሽ ደግፌ በር ነው። እትዬ ከበደች ዘንቢላቸውን ጣሉት፤ ቲማቲሙ በየአቅጣጫው ተንከባለለ።

«ወይኔ! ወይኔ ጋሽ ደግፌ! ትናንት እኮ በደህና ነበሩ! ሳንሰናበት!»

«ኧረ እትዬ፣ ሒሳብ ነው! ሒሳብ እየተማርን ነው!» አለች መምህርቷ። ማን ይስማት! እትዬ ከበደች ደረታቸውን ሲመቱ ያየ አንድ ልጅ አለቀሰ፤ እሱን ያየ ሌላው አለቀሰ፤ በአፍታ ክፍሉ በሙሉ ይነፋረቅ ጀመር። ጩኸቱን የሰማ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደግሞ ሥራው ነውና ጥሩምባውን ነፋ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩን ማን ይመልሰው? ነጠላውን ዘቅዝቆ የለበሰ ሁሉ ወደ ጋሽ ደግፌ በር ጎረፈ።

ጋሽ ደግፌ የነቁት በጥሩምባው ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ዕቃ ቤት ኃላፊው ቀድሞ መገኘት አለበት። ብድግ ብለው ጥቁር ካፖርታቸውን ደረቡ፤ አንገታቸውን ዳሰሱ፤ ቁልፉ አለ። «ማን ይሆን ምስኪኑ?» እያሉ፣ የፊቱን በር ድንኳኑ ስለያዘው፣ በጓሮ በር ወጥተው ከድንኳኑ ጀርባ ደረሱ። እዚያ ሲደርሱ በሸራው ውስጥ የገዛ ስማቸውን ሰሙ።

መጀመሪያ ሌላ ደግፌ መሰላቸው። ቀጥሎ ተናደዱ። ሸራውን ገልጠው ሊጮኹ ሲሉ አንድ ሻካራ የወንድ ልቅሶ ያዛቸው። አቶ ሰብስቤ ናቸው።

«አንተ ግትር! አንተ ወንድሜ! ድስቱን የሰረጎድኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ! ከጋሪ ላይ ነው የጣልኩት። ምን ነበረበት በቁምህ ብነግርህ? ለአንድ ድስት ብዬ ሰላምታህን አጣሁ! አሁን መንገድ ላይ ሳገኘው ማን ሰማይ ሰማይ ያይብኛል?»

ጋሽ ደግፌ ሸራውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ካድከኝ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ የሚያወራው በየራሱ ነው። እትዬ ከበደች ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል፤ ይኼ የተረጋገጠ ነው። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ጥሎ ገብሱ ውስጥ ገብቷል። አቶ ሰብስቤ መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥሎ የጋሽ ደግፌን ጉንጭ በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡ፤ ሞቃት ሲሆንባቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው አዲስ ልቅሶ ጀመሩ። መምህርት ዘመነች ፊቷ አመድ መስሎ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጋሼ» ብትል ጋሽ ደግፌ ገብተው በራቸውን ዘጉባት። «በቃ፣ ቅዳሜ አለቀላት» አለ ሰፈሩ።

ቅዳሜ ወላጆችና የሰፈር ሰዎች በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። የወፍጮ ቤቱ ሰው ተናገረ። የላሚቱ ባለቤት ተናገረ። የሔለን ባል ገንፎውን እንደ አዲስ አነሳው። እትዬ ከበደች ስለ ቲማቲማቸው አምርረው ተናገሩ። መምህርት ዘመነች ጥግ ላይ ሆና ጣቷ ላይ የቀረውን ጠመኔ ትፍቅ ነበር። በመጨረሻ ጌድዮን «ዋናው ተበዳይ ይናገሩ» አለ።

ጋሽ ደግፌ ተነሱ።

«በስተኋላ በኩል ያለው ካስማ ላልቶ ነበር» አሉ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ይኼ መግቢያ ነው ወይስ ስድብ?

«ትንሽ ንፋስ ቢመጣ ይነቀል ነበር። እሱን አላየሁትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ድንኳን ሳስተክል ነው ያረጀሁት። ሰው ለሰው ሲያለቅስ ሁሌ እሰማለሁ። ሸራውን ሳጥፍ ግን ለእኔ ማን ይመጣል እል ነበር። ልጅ የለኝ፣ ሚስት የለኝ፤ ድስት ቆጥሬ የምሞት ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር። እሱ ነበር የሚያስፈራኝ።» ወደ አቶ ሰብስቤ ዞር አሉ። «አሁን አያስፈራኝም። ልጆቹ ይውጡ። ካስማውን ግን እኔ ነኝ የማሳያቸው።»

መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አቶ ሰብስቤ ናቸው፤ ሁለቱንም እጃቸውን ስላወጡ ጌድዮን አንዱን አስወረዳቸው። ሌላውም ተከተለ። የሔለን ባል እንኳ፣ ገንፎው ይቅር ብሎ፣ አወጣ።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አሉ ጋሽ ደግፌ ሳይቀመጡ። «የእኔ ቀን ሲደርስ ድንኳኔን እነዚህ ልጆች ይትከሉልኝ። የእድሩ ጎረምሶች ቀጥ አድርገው ተክለውት አያውቁም።»

ለሁሉ ነገር መልስ የማታጣው መምህርት ዘመነች ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች፤ ፊቷ በጠመኔ ነጣ።

«ኧረ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት! ምን አስቸኮለዎት?»

«ማን ቸኮለ? ልጅ ይረሳል ብዬ ነው። በየዓመቱ እዚያው በሬ ላይ ይለማመዱ። ካልነኩት አይገባቸውም።» ባርኔጣቸውን አነሱ። «ከበደችን ግን አስቀድማችሁ ንገሯት።»